ክሪኮይድ ይጫን ወይስ ይለቀቅ? በእጃችሁ ካለው መሣሪያ ተነሱ

«ክሪኮይድ ልያዝ?» ድንገተኛ ታካሚ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ረዳቱ የሚጠይቀው ይህን ነው። ክሪኮይድ አንገት ላይ ያለ የልም አጥንት ቀለበት ነው፤ ታካሚው ተኝቶ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባለት የሚጫነው የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ወይም «ተወው» ይሆንና ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ለብቻው ሊመለስ አይችልም ባይ ነኝ። «ወደ አየር መንገዱ በምን ልንገባ ነው?» የሚለው ሳይነሳ መልስ የለውም። በላሪንጎስኮፕ (ማንቁርትን ለማየት አፍ ውስጥ በሚገባው ምላጭ) ስትገቡ የመጫኑ ዋጋ አንድ ነው፣ በኤልኤምኤ (ማንቁርት ላይ በሚቀመጠው የአየር ማስክ) ሌላ ነው፣ በቡዢ (ቱቦውን በሚመራው ቀጭን ዘንግ) እና ካሜራ ባለው ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ደግሞ ሌላ። መሣሪያውን መምረጥና ግፊቱን መምረጥ አንድ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ደግሞ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ይህን የምጽፈው ለሰመመን ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ራስጌ ቆመው እጃቸውን አንገት ላይ ለሚያሳርፉ ነርሶች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እጁ የሚጫነው ምኑን ነው?

በ1946 አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን በሰመመን ሲወልዱ የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባባቸውን 66 እናቶች ታሪክ አሳተመ። የጨጓራ አሲድ ሳንባ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በደንብ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በ1961 ደግሞ ለንደን ውስጥ በሚድልሴክስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ብራያን ሴሊክ ቀላል ዘዴ ይዞ መጣ። ክሪኮይድ ከታይሮይድ ልም አጥንት በታች ያለ ቀለበት ነው። ከአየር ቧንቧው ክፍሎች ዙሪያውን የተዘጋው እሱ ብቻ ነው። ይህን ቀለበት ወደ ኋላ፣ ወደ አንገት አጥንት ብትጫኑት ከኋላው ያለው የምግብ መተላለፊያ ይዘጋል፣ ከጨጓራ የሚመለሰውም መንገድ ያጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ ነገሩ ትንሽ ተለየ። በ2003 የወጣ ጥናት የምግብ ቧንቧው በብዙ ሰው ላይ ከክሪኮይዱ ጀርባ በትክክል እንደማይተኛ፣ ሲጫኑት ደግሞ ይበልጥ ወደ ጎን እንደሚሸሽ አሳየ። ብዙዎች «እንግዲያው ዘዴው አይሠራም» አሉ። በ2009 የወጣ ሌላ የኤምአርአይ ጥናት ግን በዚያ ከፍታ ላይ የሚጨፈለቀው የምግብ ቧንቧው ሳይሆን ከእሱ በላይ ያለው የታችኛው ጉሮሮ፣ ሃይፖፋሪንክስ የሚባለው እንደሆነ አመለከተ። ይህ ክፍል ከክሪኮይዱ ጋር እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። ወደ ጎን ቢሄድም አብሮ ሄዶ ይጨፈለቃል።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። የሚጨፈለቀው ቦታ የታችኛው ጉሮሮ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ መቀመጥ ያለበት መሣሪያ ሁሉ ችግር ይገጥመዋል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ቀደም ሲል 44 ኒውተን ይባል ነበር። ዛሬ የሚመከረው ታካሚው ሳይተኛ 10 ኒውተን፣ ራሱን ከሳተ በኋላ 30 ኒውተን ነው። 10 ኒውተን የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ነው፣ 30 ደግሞ የ3 ኪሎ። በነቃ ሰው ላይ 30 ብትጫኑ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስለዋል፣ ልትከላከሉት የመጣችሁትን ትውከት ራሳችሁ ታመጡታላችሁ።

ኤልኤምኤና መሰሎቹ፦ ልቀቁ

ከሁሉም ግልጽ የሆነውን ልጀምር፣ ብዙ ስህተት የማየውም እዚህ ላይ ነውና። ኤልኤምኤ በትክክል ሲቀመጥ ጫፉ የሚያርፈው ከክሪኮይዱ ጀርባ፣ በታችኛው ጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧው አፍ ላይ ነው። ክሪኮይድ የሚጫን እጅ የሚዘጋውም ይህንኑ ቦታ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሊሆኑ አይችሉም።

እጁ ሳይነሳ ኤልኤምኤ ሲገባ ጫፉ ወደ ቦታው አይወርድም። ከፍ ብሎ ይቀራል። አንዳንዴ ይታጠፋል፣ አንዳንዴ የማንቁርቱን ክዳን፣ ኤፒግሎቲስን፣ ይዞት ይወርዳል። ከላይ የሚያየው ሰው «ገባ» ይላል። ቦርሳው ሲጨመቅ ግን አየር በጎን ያፈስሳል፣ ደረት በቅጡ አይነሳም፣ ከፊሉ አየር ወደ ጨጓራ ይሄዳል። አየር የገባበት ጨጓራ ደግሞ ያለውን ወደ ላይ ለመመለስ ይበልጥ የተዘጋጀ ነው። በኤልኤምኤው ውስጥ ፋይበር (ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ገመድ) አሳልፎ ቱቦ ማስገባት ያሰበ ሰውም የድምፅ አውታሮችን ላያገኛቸው ይችላል።

ከመሰሎቹ አንዱ አይጄል ካፍ፣ ማለትም የሚነፋ ፊኛ፣ ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ የእሱም ጫፍ የሚሄደው እዚያው ነው። ፕሮሲልና ሱፕሪም የተባሉት የኤልኤምኤ ዓይነቶችም ያው ናቸው። እነዚህ ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉት ጨጓራን ለመምጠጥ የሚያስችል ቀዳዳ አላቸውና ሆዱ ሙሉ ለሆነ ሰው ከቀድሞው ኤልኤምኤ ይሻላሉ። የቀዳዳው ጫፍ የምግብ ቧንቧው አፍ ላይ ካልደረሰ ግን ያ ጥቅም አይገኝም። እንዳይደርስ የሚያደርገው የተጫነው እጅ ነው።

«ሆዱ ሙሉ ለሆነ ሰው መጀመሪያውኑ ኤልኤምኤ ማን ያስገባል?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፣ በዕቅድ አይገባም። ኤልኤምኤ የሚመጣው ቱቦው እምቢ ሲል ነው። ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው ኦክስጅን) እየወረደ፣ የሞኒተሩ ድምፅ እየወፈረ፣ ሁሉም ሰው እየተጣደፈ ሳለ ነው። በዚያች ሰዓት ረዳቱ እጁን እንደጫነ ይቀራል፣ ልቀቅ ያለው ሰው የለማ! ባለሙያው ኤልኤምኤውን ይገፋል፣ አይሄድም፣ አውጥቶ እንደገና ይገፋል። ሕይወት ሊያድን የመጣው መሣሪያ በራሳችን እጅ ታገደ ማለት ነው።

ስለዚህ የብሪታንያው የአስቸጋሪ ኤርዌይ (የአየር መንገድ) ማኅበር በ2015 ያወጣው መመሪያ ኤልኤምኤና መሰሎቹ ሲገቡ ክሪኮይዱ ይለቀቅ ይላል። በዚያው ዓመት ከወሊድ ሰመመን ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ለነፍሰ ጡሮች የወጣውም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር መሆኗ ይህን አይቀይረውም። ቱቦው ካልገባ የመጀመሪያው ስጋት የኦክስጅን ማጣት ነው፣ ትውከቱ ሁለተኛ ነው።

ከገባ በኋላ መልሰን እንጫን? እኔ አልጭንም። በኤልኤምኤ ላይ መጫን የሚገባውን የአየር መጠን ይቀንሳል። ልጫን የሚል ሰው ካለም የሚወጣውን አየር መጠንና የካፕኖግራፉን (የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካውን) መስመር እያየ ይሁን፣ ከቀነሰ ወዲያው ይልቀቅ። በበኩሌ ያንን ጊዜ የምጠቀምበት በጨጓራው ቀዳዳ ቱቦ አውርጄ ለመምጠጥ ነው።

ተራው ላሪንጎስኮፕ፦ ተጫኑ፣ ለመልቀቅም ተዘጋጁ

እዚህ ክርክሩ ሰፊ ነው። ትልቁ ማስረጃ በፈረንሳይ 10 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 የታተመው አይሪስ የተባለው ጥናት ነው። 3,472 ታካሚዎች ነበሩበት። ለግማሾቹ ክሪኮይዱ በእውነት ተጫነ፣ ለግማሾቹ እጁ አረፈ እንጂ አልተጫነም። የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ የገባባቸው ከተጫኑት 10፣ ካልተጫኑት 9 ሰዎች ናቸው።

«በቃ፣ አይጠቅምም» ለማለት ያጓጓል። ግን ጥናቱ ያንን አላለም። ችግሩ ከታሰበው በላይ ጥቂት ሰው ላይ ስለደረሰ፣ አለመጫን ከመጫን አይከፋም ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር ቁጥሩ አልበቃም። ነፍሰ ጡሮችንና ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጭ ያሉ ታካሚዎችን በተመለከተም ሌላ ጥናት ያስፈልጋል ብለው አጥኚዎቹ ጽፈዋል።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው የጥናቱ ሌላ ክፍል ነው። ማንቁርቱ በደንብ ያልታየባቸው፣ ማለትም ከ1 እስከ 4 በሚሄደው የእይታ ደረጃ ኮርማክ 3 እና 4 የሆኑት፣ ሲጫኑ 10 በመቶ፣ ሳይጫኑ 5 በመቶ ነበሩ። ቱቦ ለማስገባት ከ30 ሰከንድ በላይ የፈጀባቸው 47 በመቶ በ40 በመቶ። መጫን ማየትን ያከብዳል፣ ጊዜም ይወስዳል።

ሌላ ጥናትም አለ። በ2005 በካናዳ በ700 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። በሠለጠነ እጅ 30 ኒውተን ሲጫን በ30 ሰከንድ ውስጥ ቱቦ ያለመግባቱ መጠን ካልተጫነው አልበለጠም። ሁለቱን አስታርቄ ሳነባቸው እንዲህ ይመስለኛል፦ ማንቁርቱ በቀላሉ ለሚታይ ሰው በትክክል የተጫነ እጅ እምብዛም አያስቸግርም። በድንበሩ ላይ ላለ ሰው ግን ያችው ትንሽ ልዩነት ቱቦውን ልታስከለክል ትችላለች።

ስለዚህ በተራ ላሪንጎስኮፕ ስገባና ታካሚው በእርግጥ ሆዱ ሙሉ ከሆነ፣ እንዲጫን እፈልጋለሁ። አንጀቱ የታሰረ ወይም በልቶ ብዙም ሳይቆይ አደጋ የደረሰበት ሰው ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችን በፊት ግን ለረዳቱ እንዲህ እላለሁ፦ «ካልታየኝ ቀንስ እልሃለሁ፣ ከዚያ ልቀቅ እልሃለሁ። ሰክሽኑ በእጄ ነው።» ሰክሽኑ፣ መምጠጫው፣ ትራሱ ሥር፣ በርቶ፣ እየሳበ መሆን አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ደግሞ በእግር የሚረገጠው ሰክሽን አጠገብ መኖሩን ማየት የግድ ነው። ያለ ሰክሽን ክሪኮይድ መልቀቅ ከባድ ውሳኔ ነው።

አንድ ግራ መጋባት እዚህ ላይ ይነሳል። ባለሙያው «ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ግፋልኝ» ሲል የሚፈልገው በርፕ የሚባለውን ነው። እሱ ከፍ ብሎ ታይሮይዱ ላይ የሚሠራና ማየትን ለማገዝ የታሰበ ነው። ክሪኮይድ ግን ከጨጓራ የሚመለሰውን ለመከላከል ነው። ረዳቱ ሁለቱን በአንድ እጅ ለማድረግ ሲሞክር እይታው ብዙ ጊዜ ይብሳል። ማንቁርቱን ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ላሪንጎስኮፑን የያዘው ሰው በቀኝ እጁ ራሱ አንቀሳቅሶ፣ የተሻለውን ቦታ አግኝቶ ለረዳቱ ቢያስይዘው ይሻላል።

ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ

ቪዲዮ ካላችሁ እኔ ለእሱ አደላለሁ። ምክንያቱ የካሜራው ጥራት ብቻ አይደለም። ረዳቱም ስክሪኑን ያያል። እጁ ማንቁርቱን ወደ ጎን እየወሰደው ወይም እየጨፈለቀው ከሆነ ሳይነገረው አይቶ ያስተካክላል። በተራው ላሪንጎስኮፕ ይህን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ምላጩ በጣም ለጎበጠው ዓይነት ነው። በእሱ ሲገባ ምስሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቱቦው ግን ድምፅ አውታሮቹ ጋ ደርሶ ይቆማል። ሰው «እያየሁት ለምን አይገባም?» እያለ ይታገላል። የተጫነው እጅ መንገዱን ሊያጠብበውና አቅጣጫውን ሊቀይረው ይችላል። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ቱቦው ካልሄደ፣ ስታይሌቱን (ቱቦው ውስጥ ያለውን ሽቦ) ትንሽ ወደ ኋላ ከመሳብ ጎን ለጎን ግፊቱን ቀንሱ።

ቡዢና ፋይበር

ቡዢ በደንብ ላልታየ ማንቁርት ጥሩ ጓደኛ ነው። ቀጭን ስለሆነ ክሪኮይድ ተጭኖም ብዙ ጊዜ ያልፋል። የሚያስቸግረው ቱቦው በላዩ ሲወርድ ነው። ጫፉ ማንቁርቱ ላይ ይያዛል፣ የተጫነው እጅም ይብሱን ያጠብበዋል። ላሪንጎስኮፑን ከአፍ አታውጡ፣ ቱቦውን 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዙሩት፣ ከተቻለ በአንድ ቁጥር ያነሰ ቱቦ ምረጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሄደ እጁ ላላ ይበል።

ፋይበር ላይ ብዙ አልቆይም። አስቸጋሪ ኤርዌይ ኖሮት ሆዱም ሙሉ የሆነ ሰው ነቅቶ ሳለ በፋይበር ቢገባለት፣ የራሱ የመከላከያ ምላሽ ስላለ ክሪኮይድ አያስፈልገውም።

ማስክ

በድሮው የፈጣን ኢንዳክሽን (ታካሚን ቶሎ የማስተኛት) ልማድ ቱቦው እስኪገባ አየር አይሰጥም። ዛሬ ግን ሳቹሬሽኑ ቶሎ ለሚወርድ ሰው፣ ማለትም ለነፍሰ ጡር፣ ለወፍራም ሰውና ለሕፃን፣ በዝግታና በአነስተኛ ግፊት በማስክ አየር መስጠት ተቀባይነት አለው። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው 30 ኒውተን እንዲያውም አየር ወደ ጨጓራ እንዳይገባ ያግዛል። ከ40 ሲያልፍ ግን የአየር መንገዱ ራሱ መጥበብና መዘጋት ይጀምራል። ማስክ እምቢ ካለ አብዛኛው ሰው አንገት ያስተካክላል፣ መንጋጋ ወደ ፊት ያነሳል፣ የአፍ ኤርዌይ ያስገባል። ይህ ትክክል ነው። ግን ክሪኮይድ የያዘውን እጅም ተጠራጠሩት።

የማይጫንባቸው

እያስታወከ ላለ ሰው አይጫንም። ከታች የሚመጣው ግፊት ከላይ ሲታገድ የምግብ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል፤ ሲያስታውክ ልቀቁ፣ ራሱን ወደ ታችና ወደ ጎን አድርጋችሁ ምጠጡ። ማንቁርቱ ወይም የአየር ቧንቧው ለተጎዳ ሰውም አይጫንም። የአንገት አጥንቱ የተሰበረ ሰው ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልቡ ቆሞ ሲፒአር እየተሠራለት ያለ ሰውን በተመለከተ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 መመሪያው በዘልማድ መጫንን አይመክርም።

ሕፃናት ለብቻቸው ናቸው። ልም አጥንታቸው ለስላሳ ነው። ለአዋቂ የሚባለው 30 ኒውተን ለጨቅላ የአየር መንገድ መድፈን ነው፤ ከዚያ በብዙ ያነሰ ግፊት ይበቃዋል መንገዱን ለማጥበብ። ብዙ የሕፃናት ሰመመን ባለሙያዎች ዛሬ ክሪኮይዱን ትተው በጥልቅ ማስተኛት፣ በሙሉ የጡንቻ ማላላትና በቀስታ አየር በመስጠት ይሠራሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

አገሮችም አይስማሙም። ብሪታንያ ውስጥ አሁንም የተለመደ ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮች በ2010 ባወጡት መመሪያ ግዴታ አላደረጉትም፣ ለባለሙያው ፍርድ ትተውታል። እናንተ በምትሠሩበት ቦታ የሚወስነው የራሳችሁ ሆስፒታል አሠራርና የረዳታችሁ ችሎታ ነው።

የማይጫን ሰው ምን ያድርግ?

አለመጫን ባዶ እጅ መሆን አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሙሉ ሰመመኑ ራሱ አስፈላጊ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለቄሳሪያን በወገብ የሚሰጠው ይህን ጥያቄ በአብዛኛው ይዘጋዋል። የግድ ከሆነ ራስጌውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። የጨጓራ ቱቦ ካለው ምጠጡለት፤ አንጀቱ ለታሰረ ሰው ከሌለውም አስገብታችሁ ምጠጡ። በቂ ኦክስጅን ስጡት። የጡንቻ ማላሊያውን መጠን አትቆጥቡ፤ ሮኩሮኒየም ከሆነ 1.2 ሚሊግራም በኪሎ። በቅጡ ሳይላላ ላሪንጎስኮፕ የገባበት ሰው ያስላል፣ ያስታውካል። ክሪኮይድን ብቻ ተማምኖ እነዚህን መዝለል ከሁሉም ይከፋል። መጫኑ ራሱም የታችኛውን የምግብ ቧንቧ መዝጊያ እንደሚያላላው በ1990ዎቹ ታይቷል።

ስለ እጁ

«ክሪኮይድ ያዝ» ተብሎ የሚታዘዘው ሰው ብዙ ጊዜ ያልሠለጠነ ነው። አንዳንዱ ታይሮይዱን ይጫናል፣ አንዳንዱ ቆዳውን ብቻ ይነካል፣ አንዳንዱ ሙሉ ክብደቱን ያሳርፋል። ማስተማሪያው ርካሽ ነው። ባለ 50 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ፣ አየር ሙሉት፣ ጫፉን ድፈኑት፣ ፒስተኑን ወደ 33 ሚሊሊትር አካባቢ እስኪወርድ ግፉት። እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ወደ 30 ኒውተን ነው። ሚዛን ካለ ደግሞ 3 ኪሎ እስኪል ተጫኑት። ይህን ኦፕራሲዮን በሌለበት ሰዓት ከነርሶቹ ጋር ደጋግማችሁ ሥሩ፣ እጅ ይረሳልና።

መቼ ይለቀቅ የሚለውም ይወሰን። ሴሊክ ራሱ ካያቸው 26 ታካሚዎች ሦስቱ ላይ የጨጓራው ይዘት ወደ ጉሮሮ የመጣው ቱቦው ገብቶ እጁ ሲነሳ ነው። ካፉ ተነፍቶ፣ ካፕኖግራፉ መስመር አሳይቶ፣ ባለሙያው «ልቀቅ» ብሎ በድምፅ እስኪናገር ድረስ እጁ ይቆይ። ለኤልኤምኤ የሚለቀቀው ግን ከመግባቱ በፊት ነው። ይህን ልዩነት ረዳቱ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ይወቀው።

በሰመመን ቅጹ ላይም ጻፉት። ክሪኮይድ ተጭኖ ነበር ወይ፣ ተጭኖ ሳለ ኮርማክ ስንት ነበር፣ ሲለቀቅ ስንት ሆነ፣ በምን መሣሪያ ገባ። «ኮርማክ 3፣ ሲለቀቅ 1» የሚል አንድ መስመር ያ ታካሚ በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ ለሚቀበለው ባለሙያ ነገሩ የአንገቱ ሳይሆን የእጁ እንደነበር ይነግረዋል።